ዶላሩ ቢገኝ ዛሬ ማዘዝ ትችላላችሁ?

በአንድ የመንግሥት ልማት ድርጅት የሩብ ዓመት ግምገማ ላይ የተነሣች ጥያቄ ስትከነክነኝ ሰንብታለች። የግዥ ክፍሉ ሪፖርት ያው የምናውቀው ነው፤ የአገር ውስጥ ግዥ በዕቅዱ መሠረት ተከናውኗል፣ የውጭ አገር ግዥ ግን በውጭ ምንዛሪ እጥረት ምክንያት ዘግይቷል። ይህን ዐረፍተ ነገር ከዓመት ዓመት ሳይቀየር የሰማ ሰው ብዙ ነው። ከፋይናንስ በኩል የተቀመጡ አንድ አንጋፋ ባለሙያ ግን ዝም ብለው አላሳለፉትም። "እሺ፣ ዶላሩ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ተገኘ እንበል። ዛሬውኑ ማዘዝ ትችላላችሁ?" አሉ።

መልስ ጠፋ። የአቅራቢው ፕሮፎርማ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። በሁለት ዕቃዎች ስፔሲፊኬሽን ላይ ተጠቃሚው ክፍልና ቴክኒክ ኮሚቴው ገና አልተስማሙም። ኢንሹራንስ አልተገዛም፤ የአንዱ ዕቃ ጨረታ ደግሞ ጭራሽ አልተከፈተም። ዶላሩ ቢመጣ እንኳ የሚቀበለው ሰነድ አልነበረም።

እጥረቱ ውሸት ነበር ማለቴ አይደለም። ባንክ ገብቶ ወራት የከረመ ማመልከቻ፣ ተፈቀደ ተብሎ በግማሽ የተቆረጠ ጥያቄ ሁሉም የቀመሰው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ ግን ነገሩ መልኩን ቀየረ። አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በመጀመሪያው ቀን ከ74 ብር በላይ፣ በወራት ውስጥ ደግሞ ከ120 ብር በላይ ሆነ። "ይገኛል ወይ?" የሚለው ጥያቄ ቀስ በቀስ ወደ "በስንት?" ዞረ። ወረፋው ቀለል ባለ ቁጥር ከወረፋው ጀርባ ተሸሽገው የኖሩ ቀናት ብቅ ብቅ ማለት ጀመሩ። እኔን የሚያሳስቡኝ እነሱ ናቸው። ከውጭ መግዛት የድርጅቶቻችንን የግዥ አፈጻጸም የሚጎዳው፣ ርቀቱ እዚሁ ቤት ውስጥ የተሠራችውን እያንዳንዷን ስሕተት በወራት ስለሚያባዛት ይመስለኛል። መርካቶ ሄዶ የተሳሳተ ቤሪንግ (ኩሽኔታ) የገዛ ሰው ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ይቀይራል። ከሙምባይ የተሳሳተ ቤሪንግ ያስመጣ ፋብሪካ የሚቀይረው በሚቀጥለው ዓመት ነው።

ሐምሌ ላይ የሚጀምር ዓመት

ነገሩ እንዲጨበጥ የስኳር ፋብሪካን እንውሰድ። መንግሥት ከያዛቸው ኢንዱስትሪዎች መካከል የውጭ ግዥን የጊዜ ጣጣ እንዲህ ገላልጦ የሚያሳይ አላውቅም። ወንጂ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ማሽኑም መለዋወጫውም ከባሕር ማዶ ነበር የመጣው። ዛሬም የወፍጮው ሮለር፣ የተርባይኑ ክፍሎች፣ የቦይለሩ ቱቦ፣ የሴንትሪፉጋሉ ወንፊት በአብዛኛው በመርከብ ነው የሚደርሱት።

አገዳ የሚፈጨው ከጥቅምት ወይም ከኅዳር እስከ ግንቦትና ሰኔ ነው። ክረምት ሲገባ ማሳው ጭቃ ይሆናል፣ የአገዳውም የስኳር ይዘት ይወርዳል፤ ፋብሪካው ቆሞ ኦቨርሆል (ሙሉ ጥገና) ይገባል። ስለዚህ መለዋወጫው እስከ ሰኔ ማብቂያ መጋዘን መግባት አለበት። የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ደግሞ ሐምሌ 1 ነው። ገንዘቡ የሚፈቀደው እንግዲህ ወፍጮው በሚፈታበት ሰሞን መሆኑ ነው። ሐምሌ ላይ የተነሣ ዓለም አቀፍ ጨረታ ማስታወቂያው፣ ግምገማው፣ የተጫራቾች ቅሬታው፣ ውሉ፣ ኤልሲው (ሰነዱ ሲሟላ ለአቅራቢው እከፍላለሁ የሚለው የባንክ ዋስትና)፣ ምርቱና የባሕር ጉዞው ተደማምሮ ሰባትና ስምንት ወር ቢፈጅ ማንም አይገረምም። ዕቃው የካቲት ወይም መጋቢት ላይ፣ ፋብሪካው በሙሉ ኃይሉ እየፈጨ ሳለ፣ ከች ይላል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ሪፖርቱ ላይ ግን ግዥው "በበጀት ዓመቱ ተከናውኗል"።

ለዚህ ሁሉ "አስቀድሞ ማቀድ ነው" የሚል ምክር ሞልቷል። ልክ ነው፤ ግን የቴክኒክ ክፍሉን መከራከሪያ አይመልስም። "ወፍጮውን ሳልፈታው ምኑ እንደተበላ በምን ልወቅ?" ይላሉ፤ እውነት አላቸው። መልሱ የመበላቱን መጠን በቁጥር መዝግቦ መያዝ ነው። እንበልና የአንድ ቦይለር ቱቦ ግድግዳ በአልትራሶኒክ መለኪያ ካቻምና 4.0 ሚሊ ሜትር፣ አምና 3.7፣ ዘንድሮ 3.4 ሆኖ ተገኘ። በዓመት 0.3 እየተበላ ነው ማለት ነው። እንዲለወጥ የተወሰነው ወሰን 2.8 ከሆነ ሁለት የመፍጫ ወቅት ቀርቶታል፤ ትዕዛዙ መጀመር ያለበት አሁን ነው፣ ሳይቃጠል በቅጠል። የሮለሩ ዲያሜትርና ጥርስ፣ የትራሽ ፕሌቱ ውፍረት፣ ዘንጉ ቤሪንግ ላይ የሚያርፍበት ቦታ እንዲሁ ይለካሉ። በየክረምቱ ለክቶ የመዘገበ ፋብሪካ የሚቀጥለውን ክረምት መጠየቂያ ጥቅምት ላይ ማውጣት ይችላል። በሁለት የበጀት ዓመት ላይ የሚያርፍ ውል እንዲፈቀድ የቦርድ ውሳኔ ያስፈልገዋል። ይህ ከማንኛውም ባንክ ደጅ የማያስጠና ጉዳይ ነው።

ይህን ያላደረገ ደግሞ ግንቦትና ሰኔ ላይ በጀቱ እንዳይመለስበት ሩጫ ይጀምራል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ በእነዚያ ሳምንታት የተጻፉ ስፔሲፊኬሽኖች የሚፈቱት ዕቃው ከመጣ በኋላ ነው።

የተረሳችው ኬ

መጠየቂያው ላይ "ቤሪንግ 22222፣ 12 ፍሬ" ተብሎ ይጻፋል። ለጻፈው መካኒክ ከዚህ በላይ ግልጽ ነገር የለም፤ ማሽኑን እንደ ልጁ ያውቀዋል። ለአቅራቢው ግን ገና ምንም አልተነገረውም።

22222 ስፌሪካል ሮለር ቤሪንግ ነው። የመጨረሻዎቹን ሁለት አሐዞች በ5 ስታባዙ የውስጥ ቀዳዳውን ታገኛላችሁ፤ 110 ሚሊ ሜትር። ሙሉ መለያው ግን 22222 ኢኬ/ሲ3 ሊሆን ይችላል። ኬ ማለት ቀዳዳው ቀጥ ያለ ሳይሆን በ1 ለ12 ልክ እየጠበበ የሚሄድ ነው፤ ዘንጉ ላይ የሚታሰረው በአዳፕተር ስሊቭ (በቤሪንጉና በዘንጉ መካከል በሚገባ ሾጣጣ እጅጌ) ነው፣ ለዚህ ቤሪንግ በኤች 322፤ ዘንጉም 100 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሲ3 ደግሞ በሮለሮቹና በቀለበቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ከተለመደው ሰፋ ያለ መሆኑን ይነግረናል፤ ሙቀት ባለበት ቦታ ብረቱ ሲሰፋ ቤሪንጉ እንዳይነክስ።

እንግዲህ ኬ ተረሳች እንበል። አቅራቢው ያለ ምንም ተንኮል ቀጥ ያለ ቀዳዳ ያለውን ይልካል። 110 ቀዳዳ፣ 100 ዘንግ። በመዶሻም በጸሎትም አይገጥም። ስሊቩ ከተረሳ ቤሪንጉ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ሌላ ዙር ግዥ ይጠብቃል። ሲ3 የተረሳች ዕለት ግን የሁሉም ክፉ ነው፤ ይገጥማል፣ ይሽከረከራል፣ የሙከራ ሥራውንም ያልፋል። ጥር ላይ ፋብሪካው በሙሉ ጭነት ሲፈጭ ሞቆ ሞቆ ይቆልፋል። በሦስቱም አቅራቢው የታዘዘውን አቅርቧል፤ ክፍያው ይገባዋል። የግዥ አፈጻጸም፣ 100 በመቶ።

ጥሩ መጠየቂያ ረጅም መሆን የለበትም። ሙሉ መለያ ቁጥሩ ከነፊደሎቹ፣ የማሽኑ አምራችና በሰሌዳው ላይ ያለው ተከታታይ ቁጥር፣ ዕቃው የሚገባበት ቦታ፣ የድሮዊንግ ቁጥር ካለ እሱ፣ አብረው የሚያስፈልጉ ተጓዳኝ ክፍሎች፣ የተፈታው አሮጌ ዕቃ ከካሊፐር ጋር የተነሣ ፎቶ። "ወይም ተመጣጣኝ" የምትለዋን ሐረግ ሕግና ውድድር ስለሚጠይቁ አናስቀራትም፤ በምን ተመጣጣኝ እንደሆነ ግን መጻፍ አለበት። ለቤሪንግ ከሆነ የልኬት ደረጃው አይሶ 15፣ ዝቅተኛው የመሸከም አቅም፣ የውስጥ ክፍተቱ፣ የኬጁ (ሮለሮቹን ለያይቶ የሚይዘው ቅርጫት) ዓይነት። ያለዚህ ኮሚቴው የሚያወዳድረው ዕቃ ሳይሆን ዋጋ ብቻ ይሆናል።

በ1,740 ዶላር የተገኘ ቁጠባ

ወደ ዋጋው እንምጣ። ሁለት ተጫራች ቀረቡ እንበል፤ አንዱ የአምራቹ ሕጋዊ አከፋፋይ ነው፣ በፍሬ 410 ዶላር፤ ሌላው ነጋዴ ነው፣ 265 ዶላር። በ12 ፍሬ ልዩነቱ 1,740 ዶላር። ኮሚቴው 265ቱን ይመርጣል፤ መምረጥ ብቻ ሳይሆን ባይመርጥ ምን ብሎ እንደሚያስረዳ ራሱም አያውቅም። ሪፖርቱ ላይ "ከግምቱ በታች በመግዛት የተገኘ ቁጠባ" የሚል ረድፍ ይሞላል። በዓለም ገበያ አስመስሎ የተሠራ ቤሪንግ የሚዘዋወረው ደግሞ በዚሁ በትልልቅ ስሞችና በታወቁ መለያዎች ነው። ማሸጊያውን አይቶ መለየት ልምድ ላለውም ይቸግራል፤ መለየት የሚቻለው ከአምራቹ በሚገኝ የአከፋፋይነት ደብዳቤና በራሱ በአምራቹ ማረጋገጫ ነው።

አሁን በሌላኛው በኩል እንቁጠረው። በቀን 5,000 ቶን አገዳ የሚፈጭ ፋብሪካ በአንድ ቤሪንግ ምክንያት ስድስት ሰዓት ቢቆም 1,250 ቶን አገዳ አልተፈጨም። ከአገዳው 10 በመቶ ስኳር ይወጣል ብንል 1,250 ኩንታል ስኳር ነው። ይህ በኋላ ይካካሳል የሚል ይኖራል፤ በከፊል። ተቃጥሎ የተቆረጠ አገዳ ግን ሜዳ ላይ ባደረ ቁጥር ስኳሩ እየቀነሰ ነው የሚሄደው፤ ቆሞ የሚጠብቅ ሀብት አይደለም።

መመሪያ ስለሚያስገድደን ነው ርካሹን የምንገዛው የሚለው መልስ ግማሽ እውነት ነው። የማስረከቢያ ጊዜን፣ ዋስትናን፣ የመለዋወጫ አቅርቦትን ወደ ገንዘብ ቀይሮ በዋጋው ላይ መደመር ይቻላል፤ ሁኔታው አስቀድሞ በጨረታ ሰነዱ ላይ ከተጻፈ። ጨረታው ከተከፈተ በኋላ የመጣ ብልሃት ግን ሙስና ነው የሚመስለው፣ ኦዲተርም እንደዚያ ነው የሚያየው። የአከፋፋይነት ማረጋገጫ ደብዳቤን የብቁነት መስፈርት ማድረግም እንዲሁ ሰነዱ ሲዘጋጅ የሚወሰን ነው። ስለዚህ የ1,740 ዶላሩ ውሳኔ የተወሰነው በግምገማው ቀን አይደለም፤ የድሮውን የጨረታ ሰነድ ቀን ቀይረው ሲያትሙት ነው።

መርከቡ ሲዘገይ ኤልሲው ያልፋል

ውሉ ተፈርሞ፣ ኢንሹራንሱ ከአገር ውስጥ ኩባንያ ተገዝቶ፣ ባንኩ ፈቅዶ ኤልሲ ተከፈተ። ብዙ ሪፖርት "ተፈጸመ" ብሎ የሚዘጋው እዚህ ላይ ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን ጣጣ ትራንዚተሩና ስቶር ኪፐሩ ይወቁት።

የገቢ ዕቃችን በአብዛኛው በኤፍኦቢ (ሻጩ መርከብ ላይ ጭኖ በሚያስረክብበት ውል) ነው የሚገዛው፤ ባሕሩን የሚያሻግረው የኢትዮጵያ ባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ነው፣ በራሱ መርከብ ወይም ከሌሎች በተከራየው ቦታ። የማጓጓዣው ዶላር አገር ውስጥ እንዲቀር የታሰበ ነው፤ ሐሳቡ ይገባኛል። ገዥው ግን ሁለት መዘዙን አውቆ መግባት አለበት።

የመጀመሪያው፣ አቅራቢው ዕቃውን በቀኑ ጨርሶ ወደብ ቢያደርስም የሚጭነውን መርከብ የሚወስነው እሱ አይደለም። ኤልሲው ላይ በ44ሲ (የኤልሲው ክፍሎች በእንዲህ ያለ ቁጥር ነው የሚጠሩት) የተጻፈው የመጨረሻ የመጫኛ ቀን ካለፈ ወይ አይጭንም፣ ወይ ጭኖ ሰነዱ ከነጉድለቱ ይመጣል። አሜንድመንት (የኤልሲ ማሻሻያ) ይጠየቃል፤ ደብዳቤ፣ ፊርማ፣ የባንክ ክፍያ፣ እንደገና ጥበቃ። በአንድ ኤልሲ ላይ ሁለትና ሦስት አሜንድመንት ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። መነሻው ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ቀኑ የተቆጠረው ውሉ ከተፈረመበት ዕለት ነው። መቆጠር የነበረበት ኤልሲው ለአቅራቢው ከሚደርስበት ዕለት ነበር፤ በዚያ ላይ የምርቱ ጊዜ፣ በዚያ ላይ ለመርከብ መጠበቂያ ጥቂት ሳምንታት። በ31ዲ ያለው ማብቂያ ደግሞ ቢያንስ ሰነድ ለማቅረብ የሚፈቀደውን 21 ቀን ከመጫኛው ቀን አርቆ መያዝ አለበት።

ሁለተኛው መዘዝ ድምፅ የለውም። በኤፍኦቢ ኃላፊነት ከሻጭ ወደ ገዥ የሚሻገረው ዕቃው መርከቡ ላይ ሲወጣ ነው። ኮንቴይነር ግን መርከብ ከመውጣቱ ቀናት ቀድሞ ተርሚናል ገብቶ ይቆማል፤ ሻጩ "አስረክቤያለሁ" ይላል፣ በወረቀቱ ግን ገና የእሱ ነው። እዚያ ቢወድቅ ወይም ውኃ ቢገባው ክርክር ነው። ዓለም አቀፉ የንግድ ውል ቃላት ደንብ፣ ኢንኮተርምስ 2020፣ ለኮንቴይነር ኤፍሲኤን (ዕቃው ለአጓጓዡ ሲሰጥ ኃላፊነቱ የሚሻገርበትን ውል) የሚመክረው ለዚህ ነው። ባንክ "ተጭኗል" የሚል ቢል ኦፍ ሎዲንግ (የባሕር ጭነት ሰነድ) ስለሚፈልግም፣ ገዥው አጓጓዡን እንዲህ ያለውን ሰነድ ለሻጩ እንዲሰጥ ማዘዝ የሚችልበት አማራጭ በዚያው እትም ገብቷል። ለጅምላ ማዳበሪያ ኤፍኦቢ ቦታው ነው። ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ለሚሞላ መለዋወጫ ግን የምንጽፈው አስበንበት ሳይሆን የአምናው ውል ላይ ስላለ ነው።

መነሻ አገሩም ለውጥ አለው። ጂቡቲ ከባብ ኤል መንደብ በደቡብ በኩል ስለሆነች ከሕንድና ከቻይና የሚመጣ ጭነት ጠባቡን መተላለፊያ ሳያቋርጥ ይደርሳል። ከአውሮፓ በስዊዝ የሚመጣው ግን ያቋርጠዋል፤ ከ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ወዲህ በቀይ ባሕር በመርከቦች ላይ ጥቃት ሲደርስ ብዙ መርከቦች አፍሪካን ዞረው መሄድ የጀመሩት በዚህ መስመር ነው። የጀርመንን ተጫራች ከሕንዱ ጋር "በማስረከቢያ ጊዜ" የሚያወዳድር ኮሚቴ ካርታም ጠረጴዛው ላይ ሊኖረው ይገባል።

ሌላ በቀላሉ የሚታለፍ ነገር፣ 43ፒ። በከፊል መጫን ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም? ልማዱ "አይፈቀድም" ነው። ከተፈቀደና ኤልሲው የአየር ማጓጓዣ ሰነድንም ከተቀበለ ከ12ቱ ቤሪንግ ሁለቱ፣ እያንዳንዳቸው 10 ኪሎ ገደማ፣ በአውሮፕላን ቦሌ ሊደርሱ ይችላሉ፤ ቀሪዎቹ ተረጋግተው በባሕር ይምጡ። ሁለት ቤሪንግ አንድ ክረምት ያተርፋሉ።

አንዲት ፊርማ

የነገሩ ሁሉ ጥግ ግን ሰነዱ ባንክ የደረሰ ዕለት ነው። ያችን ቀን ቀረብ ብሎ ማየት የድርጅቱን ጠባይ ሁሉ ማየት ነው።

በዩሲፒ 600 (ባንኮች ኤልሲን በሚያስተናግዱበት ዓለም አቀፍ ደንብ) መሠረት ባንክ የቀረበለትን ሰነድ ለመመርመር አምስት የባንክ የሥራ ቀናት አሉት። ጉድለት ካገኘ ገዥውን "ትቀበለዋለህ ወይ?" ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፤ መጠየቁ ግን አምስቱን ቀን አያራዝምለትም። ደብዳቤው ለድርጅቱ ይደርሳል። ጉድለቱ ምንድን ነው? አንዳንዴ ኢንቮይሱ ላይ ያለው የዕቃ መግለጫ ከኤልሲው ጋር አይገጥምም። አንዳንዴ የተጫነው ከ44ሲ ሁለት ቀን ዘግይቶ ነው። አንዳንዴ የቅድመ ጭነት ምርመራ ምስክር ወረቀቱ ጭራሽ የለም።

ኃላፊው ከፈረመ ባንኩ ይከፍላል፣ ሰነዱ ይለቀቃል፣ ትራንዚተሩ ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ መግለጫ) ይጀምራል። ካልፈረመ ኮንቴይነሩ የነጻ ቀናቱን ጨርሶ ኪራይና ዲሜሬጅ (የመዘግየት ክፍያ) ይቆጥራል። ለእሱ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። ፈርሞ አንድ ነገር ቢበላሽ "ጉድለት ያለበትን ሰነድ ለምን ተቀበልክ?" የሚል ጥያቄ በስሙ ይመጣል። ሳይፈርም ቀርቶ የወደብ ክፍያ ቢከመር ግን ክፍያው የማንም ስም የለበትም፤ "ልዩ ልዩ ወጪ" ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ኮሚቴ ይጠራል። ከኮሚቴው አንዱ መስክ ወጥቷል፣ አንዱ ሥልጠና ላይ ነው። ይህን ስንፍና ማለት ይከብደኛል፤ ሰውዬው በተሠራለት ሚዛን ላይ በትክክል እየመዘነ ነው። የግል ነጋዴ በእሱ ቦታ ቢሆን በሻይ ሰዓት ይፈርም ነበር፤ ኪሱ አንድ ስለሆነ።

መውጫው ጀግና ኃላፊ መፈለግ አይመስለኝም። ጉድለቶቹ እኩል አይደሉም። አድራሻ ቢለያይ፣ አገሩ አንድ እስከሆነ ድረስ፣ በዩሲፒው ጭራሽ ጉድለት አይባልም። የዓለም አቀፉ የባንክ አሠራር መመሪያም ትርጉም የማያዛባ የፊደል ግድፈትን ያልፋል፤ የሞዴል ቁጥር ላይ 123 በ321 ቢቀየር ግን አያልፍም፣ ሌላ ዕቃ ሊሆን ስለሚችል። ከዚህ ተነሥቶ ድርጅቱ አስቀድሞ በአንድ ገጽ ሊወስን ይችላል፦ እስከ ሰባት ቀን የዘገየ ጭነት፣ ሌላው ሰነድ ከተሟላ፣ የግዥ ኃላፊው በራሱ ፊርማ ይቀበል፤ መለያ ቁጥር ከተለያየ ቴክኒክ ክፍሉ በ24 ሰዓት ያረጋግጥ፤ የምርመራ ምስክር ወረቀት ከጎደለ ወይም ቢል ኦፍ ሎዲንጉ የጉዳት ማስታወሻ ካለበት ያለ ዋና ሥራ አስኪያጁ አይነካ። ቦርዱ ያጸደቀው ገጽ ካለ ኦዲተሩም የሚጠይቀው ያንን ገጽ ነው። አብዛኛው ጉድለት ደግሞ ከምንጩ ይደርቃል፤ በ45ኤ የዕቃውን መግለጫ ሁለት ገጽ ከመጻፍ፣ መለያ ቁጥሩን፣ ብዛቱንና "በዚህ ቁጥርና ቀን በተሰጠው ፕሮፎርማ መሠረት" የሚለውን ብቻ መጻፍ። ሁለት ገጽ የጻፈ ሁለት ገጽ የሚሳሳትበት ቦታ ለአቅራቢው ሰጥቷል።

ሞዴል 19 ተቆርጦ

ዕቃው ሞጆ ደረቅ ወደብ ደርሶ፣ ጉምሩክ አልፎ መጋዘን ሲገባ ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) ይቆረጣል። ምርመራው በአብዛኛው ቆጠራ ነው፤ 12 ተባለ፣ 12 አለ። ካሊፐር ይዞ ቀዳዳውን በሁለቱም ጫፍ የለካ፣ ሲ3 የሚለውን ምልክት ቀለበቱ ላይ ያየ፣ ስሊቩን ሰክቶ የሞከረ ይኖራል፤ ግን ልማድ አይደለም። ሳጥኑ ከተጎዳ ደግሞ የኢንሹራንሱ መርማሪ ሳያየው መክፈት ካሳውን ራስ ላይ መዝጋት ነው። የዋስትና ጊዜው የሚቆጠረው በብዙ ውል መርከብ ላይ ከተጫነበት ወይም ከደረሰበት ቀን ስለሆነ፣ ስምንት ወር መደርደሪያ ላይ ተኝቶ ሲገጠም ያልሠራ ዕቃ ተከራካሪ የለውም።

እንግዲህ አፈጻጸም የምንለውን የት ላይ ነው የምንለካው? ውል ሲፈረም ብንለካው ጥሩ ነን። ኤልሲ ሲከፈት ብንለካውም ምንዛሪን አመካኝተን እናልፋለን። እኔ የምመርጠው አንድ መለኪያ ነው፦ የተሟላ መጠየቂያ ከገባበት ዕለት አንሥቶ ዕቃው ማሽኑ ላይ በመጀመሪያው ሙከራ እስኪገጥም ያሉት ቀናት፣ እያንዳንዱ ቀን በማን ጠረጴዛ ላይ እንዳለፈ ተከፋፍሎ። ተጠቃሚው ክፍል፣ ቴክኒክ ኮሚቴ፣ ግዥ፣ ፋይናንስ፣ ባንክ፣ አቅራቢ፣ መርከብ፣ ትራንዚት፣ መጋዘን። ባሕሩ ከእነዚህ መካከል ትልቁን ቁራጭ የሚወስድ ቢሆን እኔም ይገርመኛል። በየዓመቱ ተመላልሰው ለሚገዙ ዕቃዎች ደግሞ የማዕቀፍ ስምምነት ከብዙዎቹ ቀናት ያሳርፋል፤ ጨረታው አንዴ፣ ትዕዛዙ በየጊዜው፣ ዋጋው በዶላር የታሰረ፣ ብሩ በዕለቱ ተመን።

ከመለኪያው ጋር አንድ ረድፍ መጨመር አለበት፣ እሱም የመርካቶው ነው። የውጭ ግዥው ሳይደርስ ሲቀርና ፋብሪካው ሊቆም ሲል አስቸኳይ ኮሚቴ ተቋቁሞ ያው ቤሪንግ ከመርካቶ ሱቅ በእጥፍና ከእጥፍ በላይ ዋጋ በብር ይገዛል። ይህ ወጪ የሚመዘገበው የት ነው? የአገር ውስጥ ግዥ ውስጥ። በሪፖርቱ "በዕቅዱ መሠረት ተከናውኗል" የተባለው የአገር ውስጥ ግዥ ከፊሉ፣ እንግዲህ፣ የውጭ ግዥው ውድቀት ሌላ ስም ይዞ ነው የቀረበው። በእያንዳንዱ አስቸኳይ ግዥ ላይ "የትኛው የውጭ ትዕዛዝ ስለዘገየ?" የሚል አንድ ሣጥን ማስቀመጥና የዋጋውን ልዩነት ወደዚያ ትዕዛዝ መዝገብ መመለስ ይበቃል። ረድፉ ቢጨመር መጀመሪያ ድምፁን የሚያሰማው የግዥ ክፍሉ አይመስለኝም። መጠየቂያውን ያለ ኬ ጽፎ ያስገባው፣ ወይም ለፊርማ ተልኮለት አንድ ወር ያስተኛው ክፍል ነው።